ሞተር ከመለወጥ በፊት ጥርስ መቁጠር

«የቤንዚኑን ሞተር አውጥቼ በናፍታ ብለውጠው ካሚዮኔ ተጎተተ፤ ጭነቴም በቀኑ አልደርስ አለ» ሲሉ አንድ አዛውንት አጫወቱን። እኛም እርሳስ አንስተን አሰላን።

የቀድሞው ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞር ነበር፤ የአሁኑ ልኩ 2000 ነው። የዲፈረንሻሉ ፒኞን 6፣ ኮሮናው 36 ጥርስ ስላለው፣ በቀጥተኛው ማርሽ ሞተሩ 6 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ዞሮ 3 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የነበረው ፍጥነት 60 ሆነ። ቁልቁለት ላይ በቀድሞው ፍጥነት ቢለቁት ደግሞ ጎማው ሞተሩን ከልኩ በላይ አዙሮ ይሰብረዋል።

ጥንዱ በባለ 9 ፒኞንና በባለ 36 ኮሮና ቢለወጥ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን የናፍታው ጉልበት ካልበለጠ አቀበቱ ይከብዳል።

ማካፈል የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና፣ ባለካሚዮኑ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጥርሱን እንቁጠርለት።