ግብጽ በአባይ ጉዳይ ብትከሰን ማን ይዳኘናል?

እዚህ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር፣ ቡና ተፈልቶ የሕዳሴው ግድብ ወሬ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «ግብጽ ፍርድ ቤት ብታቆመንስ?» መልሱን ከምንኖርበት አገር እንጀምር።

በአሜሪካ ሁለት ግዛቶች በውሃ ሲካሰሱ በቀጥታ የሚዳኛቸው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይህቺው የምንኖርባት ሚኒሶታም፣ ቺካጎ ከሚሺጋን ሐይቅ ውሃ በመጥለፏ የሐይቆቹ ከፍታ ቀነሰ ብለው ኢሊኖይን ከከሰሱት ግዛቶች አንዷ ነበረች። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1930 የሚጠለፈው ውሃ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ አዘዘ። በ2021 ደግሞ ፍሎሪዳ ጆርጂያን ከሳ ተረታች። ለምን? ጉዳቱ የመጣው ጆርጂያ ከልክ በላይ ውሃ በመውሰዷ መሆኑን በጠንካራ ማስረጃ ማሳየት ስላልቻለች ነው። ዳኞቹ የመዘኑት ጩኸት ሳይሆን ማስረጃ ነው።

በአገሮች መካከል ግን ነገሩ ይለያል። የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የሁለቱም ወገን ፈቃድ ከሌለ ክሱን አያይም። ኢትዮጵያ ደግሞ የፍርድ ቤቱን አስገዳጅ ሥልጣን የሚቀበል መግለጫ አላስገባችም። ሦስቱ አገሮች በ2015 ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆዎች ስምምነት አንቀጽ 10ም ስለ ምክክርና ድርድር፣ ካልሆነም ስለ ሽምግልና ወይም ለመሪዎች ስለ ማቅረብ ይናገራል እንጂ ስለ ፍርድ ቤት አይናገርም። ስለዚህ ግብጽ ብቻዋን ተነስታ ሄግ ልታቆመን አትችልም።

ይህ ማለት ግን ተጠያቂነት የለብንም ማለት አይደለም። አርጀንቲና በወንዝ ዳር በተሠራ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ምክንያት ኡራጓይን ሄግ ከሳት ነበር፤ ሁለቱ በ1975 ውላቸው ዳኝነቱን አስቀድመው ተቀብለዋልና። በ2010 ፍርዱ ሲሰጥ ብክለቱ አልተረጋገጠም፣ ፋብሪካውም ይዘጋ አልተባለም። ኡራጓይ ግን ለጎረቤቷ በወቅቱ ባለማሳወቋ ጥፋተኛ ተባለች።

ወገኖቼ፣ ለእኛ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ነገ ድርቅ ሲመጣ ካይሮ ወቀሳዋን ይዛ መነሳቷ አይቀርም። ያን ዕለት የሚከላከልልን መፈክር አይደለም። ስንት ውሃ ገባ፣ ስንት ተለቀቀ፣ ለጎረቤት መቼ ተነገረ የሚለው በየዕለቱ የተያዘ መዝገብ ነው። ዳኛ ፊት ባንቀርብም፣ ሸምጋዩም ዓለምም የሚጠይቁን ይህንኑ ነው።