ባርነትን የማስወገድ ሕግ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ባርነት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ በወጡ አዋጆች ተወግዷል። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የባሪያ ንግድን ቢከለክሉም ፍትሐ ነገሥት በጦርነት የተማረከን ሰው በባርነት መያዝን ይፈቅድ ስለነበር ፍንገላው አልቆመም። ከዓባይ ወዲያ የተያዙ ሰዎች በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፈው፣ ከዚያም በጣና ሐይቅ አካባቢና በጎንደር በኩል ወደ መተማ ይነዱ ነበር።

ከአዋጅ ወደ አዋጅ

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። ሆኖም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን፣ መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባሮችን ወዲያው ነጻ አላወጣም። ጌታው የሞተበት ባሪያ አርነት የሚወጣው ከ7 ዓመት በኋላ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕግ ይህን ጊዜ ወደ 1 ዓመት አሳጠረው።

በ1924 ዓ.ም. የለንደኑ ፀረ ባርነት ማኅበር ልዑካን አዲስ አበባ መጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አነጋገሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ባርነት ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጠፋ ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት የባርነትን ጉዳይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ ንግዱን ብቻ ሳይሆን ባሪያ መያዝንም ሻረ።