ከሐኪም ፊት ሲደርስ የሚጠፋው አስም

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሳል አብዛኛውን ጊዜ ስሙ «ብርድ» ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ጮቄ ተራራ በወጡ ቁጥር ደግሞ ቅዝቃዜው ይበረታል። ስለዚህ ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ሰው ጋቢውን ደርቦ፣ ዝንጅብል አፍልቶ ንጋትን ይጠብቃል። ሲነጋም ይሻለዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብርዱን መውቀስ መሠረተ ቢስ አይደለም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ ያኮማትራል። ብርዱ ግን ቀስቃሽ ነው፤ በሽታው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ብግነት ነው። የተቆጣ ቧንቧ ጉንፋን፣ የምድጃ ጢስ፣ የአውድማ አቧራ፣ ሩጫ፣ አንዳንዴም ሳቅ ሲነካው ይጠባል፣ ያብጣል፣ በአክታ ይሞላል። አየሩ በጠበበው መንገድ ሲወጣ የሚያሰማው ፉጨት ነው «ሲር ሲር» የሚባለው።

የአስም ዋነኛ መለያው መለዋወጡ ነው። ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል፣ ቀን ይቀላል፤ የጤፍ ውቂያ ሲደርስ ይነሳል፣ ከዚያ ለወራት ይጠፋል። ሌሊቱን ሲታገል ያደረ ሰው ረፋድ ላይ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደረቱ ጸጥ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በማዳመጫ ምንም አልተሰማም ማለት ግን አስም የለም ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ለሳንባ ነቀርሳ አክታው ይመረመራል፤ ይህ ተገቢ ነው። የሚያስቆጨው፣ ነቀርሳ አለመሆኑ ሲታወቅ ፍለጋው እዚያው ቆሞ ሰውየው በየጊዜው አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። አንቲባዮቲክ አስምን አያክምም።

ስለዚህ ለሐኪሙ የዛሬውን ስሜት ብቻ ሳይሆን የሌሊቱን መናገር ያስፈልጋል። በስንት ሰዓት ይቀሰቅሳል? ምን ሲነካዎት ይነሳል? በልጅነትዎ ነበረብዎ? ከቤተሰብ አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም የቆዳ ማሳከክ ያለበት አለ? ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ አንድ ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ አስወጥቶ የሚተነፍሰውን አየር ይለካል። ታካሚው ሳልቡታሞል ስቦ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደገና ሲለካ አየሩ ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ፣ ከታሪኩ ጋር ተዳምሮ አስምን ያመለክታል። ይህ መሣሪያ በሌለበት ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባል ርካሽ መለኪያ ትረዳለች፤ በእሷ ሲለካ የ20 በመቶ መሻሻል ይፈለጋል። በየጤና ጣቢያው ብትገኝ ብዙ ግምት ታስቀር ነበር።

ልኬቱ ሌላም ጥቅም አለው። ለዓመታት በኩበትና በእንጨት ጢስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሁሉም አስም ይመስላል። ከመድኃኒቱ በኋላም ጥበቱ በአመዛኙ እንዳለ ከቆየ ግን ሲኦፒዲ የሚባለው የሳንባ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል። ጋደም ሲሉ የሚብስና እግር የሚያሳብጥ ከሆነ ልብም መመርመር አለበት።

አመዳደቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀድሞ አልፎ አልፎ የሚነሳ፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እየተባለ በምልክቱ ብቻ ይመደብ ነበር። «ቀላል» የተባለ አስምም ድንገት ተነስቶ ሊገድል ስለሚችል ቃሉ ያዘናጋል። አሁን ክብደቱ የሚለየው ለመቆጣጠር በሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን ሲሆን፣ በየቀጠሮው የሚጠየቀው ባለፉት አራት ሳምንታት የነበረው ነው። ቀን ላይ ምልክቱ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ታየ? ሌሊት ቀሰቀሰ? ማስታገሻው በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አስፈለገ? ከሥራ አስተጓጎለ? ለአራቱም መልሱ «የለም» ከሆነ በቁጥጥር ሥር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት «አዎ» በከፊል፣ ሦስትና አራት ደግሞ ከቁጥጥር ውጭ መሆኑን ያሳያል።

ጂና በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ኢኒሼቲቭ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አይነካውም። ብግነቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታሶን ያለ በፓፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ስቴሮይዱን ከሳቡ በኋላ ግን አፍን መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ስፔሰር ያጣ ሰው ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀድዶ ሊጠቀም ይችላል።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ማስታገሻው ካልሠራ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። ለመተንፈስ እየታገለ ያለ ሰው ፉጨቱ ድንገት ጸጥ ካለ ተሽሎት ሳይሆን አየሩ መግባት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ሳልቡታሞሉን በየመሀሉ እያሳቡ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።