«የተጣራ ፍሳሽ» ምን ማለት ነው? ስለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ቁጥጥር ስያሜዎች

በጌዴኦ ዞን ከዲላ አንሥቶ እስከ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ ድረስ ባሉት የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራው የሚፋፋመው የዝናቡ ኃይል እየደከመ የወንዞችም ውሃ እየጎደለ በሚሄድበት ወቅት ነው። ሥራው ብዙ ውሃ ስለሚሻ ጣቢያዎቹ በየወንዙና በየጅረቱ ዳር ተተክለዋል፤ ያገለገለውም ውሃ መመለሻው እዚያው ነው። ከበታች ያለው ሕዝብ ከዚያው ወንዝ ይቀዳል፤ ከብቱንም ያጠጣል። ይህን የሚመለከቱ ፈቃዶችና የቁጥጥር ዘገባዎች በአማርኛ ሲጻፉ የስያሜ ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

ለመነሻ ያህል ይህን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ጣቢያው ደረጃውን የጠበቀ የተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዲለቅ ተፈቅዶለታል።» ሰዋስዋዊ እንከን የለበትም፤ ሆኖም ለቁጥጥር ሠራተኛው የሚለካ ነገር አይሰጠውም።

«ፍሳሽ» «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም እንደመሆኑ ሰፊ ነው። በአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መጠሪያ ውስጥ ከየቤቱ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ ያመለክታል፤ በኢንዱስትሪ ረገድ ደግሞ ከማምረቻው የሚወጣውን ያገለገለ ውሃ ሁሉ ይጠቀልላል። ስፋቱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከቅጽሉ ነው።

«ጠራ» ከግዕዙ «ጸረየ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን ስለ ውሃ ሲነገር ተቃራኒው «ደፈረሰ» ነው። «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንደሚያስረዳን የመጥራት መለኪያው ዓይን ነው። ጠላ አተላው ሲዘቅጥ ይጠራል፤ የሚያሰክረው ነገር ግን ከውስጡ አልወጣም። የቡና ማጠቢያ ውሃም እንዲሁ ነው። ገለፈቱ በጉድጓድ ውስጥ ሲዘቅጥ ውሃው ይጠራ ይሆናል፤ ከእሸቱ ዝልግልግ ሽፋን የሟሟው ስኳርና ከብላቱ የተገኘው አሲድ ግን አብረው ይሄዳሉ። ረቂቅ ሕዋሳት ይህን ስኳር ሲመገቡ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚይዘው ኦክሲጅን በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ያልታከመ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ የሚሻው በሊትር በሺዎች ሚሊግራም ይቈጠራል። ፒኤቹም ወደ 4 ሊወርድ ይችላል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የአካባቢ ደረጃን በመተላለፍ እንዳይበክል ይከለክላል። «ደረጃ» የሚለው ቃል ግን በቡና አገር ሌላ ሥራ አለው፤ የይርጋ ጨፌ ቡና 1ኛና 2ኛ ደረጃ እየተባለ ይመደባል። ስለዚህ «ደረጃውን የጠበቀ» ሲባል ሰሚው ቡናውን እንጂ ውሃውን ላያስብ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን አከፋፈል እናቀርባለን።

ሀ) ማጥለል፦ ጠጣር ነገርን በማዝቀጥ ወይም በማጥለያ መለየት። ውጤቱ «የጠለለ ፍሳሽ» ይባል።

ለ) ማከም፦ የሟሟውን በካይ ነገር በሕያዋን ወይም በኬሚካል ዘዴ መቀነስ። ውጤቱ «የታከመ ፍሳሽ» ይባል። የሚታከም በሽተኛ እንጂ ውሃ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «የውሃ ማከሚያ» የሚለው አነጋገር በጤና ሠራተኞችና በየቤቱ ከተለመደ ቆይቷል።

ሐ) ማጣራት፦ እንደ ቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ባሉ የተለመዱ መጠሪያዎች ይቆይ፤ በፈቃድ ጽሑፍ ግን ብቻውን አይቁም።

መ) መልቀቅና መድፋት፦ የሚለቀቅ ነገር አስቀድሞ የተያዘ ነው። ስለዚህ «መልቀቅ» ተይዞ፣ ተለክቶና ተፈቅዶ ለሚወጣው፣ «መድፋት» ያለ ፈቃድ ለሚጣለው ይዋል።

ሠ) ወሰን፦ አኃዝ ላለው ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ መጠን ይዋል፤ «ደረጃ» ወሰኖቹን አጠቃልሎ ለሚይዘው ሰነድ ይቆይ።

የዓለም ባንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ለምግብና መጠጥ ማቀነባበሪያዎች ያወጣው መመሪያ ፒኤች ከ6 እስከ 9፣ የ5 ቀን የባዮኬሚካል ኦክሲጅን ፍላጎት ደግሞ በሊትር 50 ሚሊግራም እንዲሆን ይመክራል። እነዚህን አኃዞች ለምሳሌ ብቻ ወስደን የመነሻውን ዓረፍተ ነገር ብናቃናው እንዲህ ይሆናል፦ «ጣቢያው ፒኤቹ ከ6 እስከ 9፣ የ5 ቀን የባዮኬሚካል ኦክሲጅን ፍላጎቱም በሊትር ከ50 ሚሊግራም ያልበለጠ የታከመ ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዲለቅ ተፈቅዶለታል።» ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ነገር ግን ይለካል።

ለተርጓሚው ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጠቅመዋል። አንድ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ጌዴኡፋ ሲሻገር በመካከለኛው ቋንቋ የተድበሰበሰው ሐሳብ በመጨረሻው ላይ አይቃናም። ከወንዙ በታች ውሃ የምትቀዳው እናት «ተጣርቷል» ስትባል ይጠጣል የተባለች ሊመስላት ይችላል። «ጠልሏል፤ ገና አልታከመም» ብትባል ግን እንስራዋን ከመሙላቷ በፊት ታስባለች።