ሳይሰበር የተለቀቀው የደብረ ማርቆስ ጦር ሰፈር

የጣልያን ጦር ደብረ ማርቆስ ላይ ስለነበረው ሰፈር ሲወራ፣ ሰሚው ቶሎ የሚጠይቀው «ማን ሰብሮ ገባ?» ብሎ ነው። ቅጥር የዘለለ፣ መትረየስ የማረከ ጀግና እንዲነገረው ይፈልጋል። ሰፈሩ ግን አልተሰበረም፤ የነበሩበት ጥለውት ወጡ። ይህ ሲነገረው ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከጎጃም የጦርነት ወሬ ሁሉ የምወደው ይኸንኑ ነው።

ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተክለው ስሟን አስለወጡ፤ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ጣልያን ገብቶ የጎጃም ጦሩን መቀመጫ አደረጋት። ይህን የማያውቅ ጎጃሜ ስለሌለ አልፈዋለሁ።

የጦር ሰፈርን ጉልበት በቅጥሩ ውፍረት የሚለካ ሰው ይሳሳታል። ጉልበቱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ዱቄቱ፣ ጥይቱ፣ ቤንዚኑ በመንገድ ይመጣል፤ መንገዱን ሌላ ሰው ከያዘው ቅጥሩ የሚጠብቀው የራሱን እስረኞች ይሆናል። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በአንድነት ሲነሳ የሆነውም ይኸው ነው። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው፣ ወዲህ በእኛ በምሥራቁ በኩል ደግሞ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፣ እያንዳንዱ በየአገሩ ተነሣ። አንዱ ለሌላው ያልታዘዘ፣ አንዳንዴም እርስ በርሱ የተጣላ አርበኛ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲያ ከተማውና ምሽጉ የጣልያን፣ ገጠሩ የአርበኛው ሆኖ ቀረ። ወታደሩ ካለ ብዙ አጃቢ ርቆ አይሄድም፤ ከሄደም መመለሱን እርግጠኛ አይደለም።

እንግዲህ «ጎጃምን ዊንጌት ነፃ አወጣው» የሚለውን አባባል ስሰማ የምቆጣው በዚህ ነው። ተማሪ ሲለው አልፈርድም፤ አስተማሪ ሲለው ግን ዝም አልልም። ኦርድ ዊንጌት ጎበዝ የእንግሊዝ የጦር ሰው ነበር። ጌዲዮን የተባለው ጦሩ ሱዳኖችና ኢትዮጵያውያን ያሉበት፣ ሁለት ሺህ የማይሞላ ሰው ነው። ጭነቱን የተሸከሙለት 15,000 ገደማ ግመሎች በደጋው ብርድና አቀበት አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ይህን የሚያህል ጦር ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጠላት ወደ ኋላ ያስኬደው ጠላት አስቀድሞ ሦስት ዓመት ስለታፈነ ነው። ከዊንጌት በፊትም፣ ቀድሞ ሙሉ በሚባል ቦታ እርሻ የነበረው እንግሊዛዊ ዳንኤል ሳንድፎርድ በክረምቱ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ሲመክር ከርሟል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻገሩ። የካቲት 25 የጣልያኑ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ በሰው ተጨናነቀች፤ አዛዡም ኮሎኔል ማራቬንታኖ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ውጊያ የሌሊት ነው። ቀን ቀን ዝም፤ ሲመሽ ከዊንጌት ጦር ትንንሽ ቡድን በምዕራብ በኩል ባሉት ኮረብታዎች ላይ ወዳለው የጣልያን ጥበቃ ይሳብና ቦምብ ወርውሮ፣ በሳንጃ ወግቶ ሳይነጋ ይመለሳል። ወታደሩን እንቅልፍ መንሳት ነው ዓላማው። ከዚህ ጋር የወረቀትና የድምፅ ውጊያ አለ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሰራጫል፤ በድምፅ ማጉያ ለጣልያን የሚዋጋውን ጥቁር ወታደር «ና፣ ንጉሥህ መጥቷል» ይለዋል። ባንዳውም እየሾለከ መምጣቱ አልቀረም። የጦር ሰፈር ከውስጥ እንዲህ ይሳሳል፤ ሽማግሌ ስለ ባንዳ ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው ግን፣ የከዳው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንዳንዴ የገዛ ቤቱን ስለሚነካ ነው።

መጋቢት 26 ጣልያን ከተማዋን ለቀቀ። ከተማዋን ይዘው የቆዩት ጣልያን መልሶ ያመጣቸው የቀድሞው የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ እጅ ነሡ።

በዘመቻው ታሪክ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ፤ እኔ ደግሞ በየአጋጣሚው ሳልናገረው አላልፍም። በተለቀቀው ሰፈር ውስጥ ስልኩ አልተቆረጠም ነበር። ከጦሩ ጋር የነበረው የክርስቲያን ሳይንስ ሞኒተር ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ጣልያንኛ አጣርቶ ያውቃል። በዊንጌት ትእዛዝ ስልኩን አንስቶ፣ ራሱን እንደ ጣልያን አድርጎ፣ ከአባይ መሻገሪያ ላይ ላለው ጥበቃ ብዙ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ መሆኑን «አስጠነቀቀ»። ጥበቃውም ቦታውን ለቀቀ ይባላል። ጦር ሰፈር የሚይዝ ሰው ከመጋዘኑ በፊት ስልኩን ይመልከት።

ማራቬንታኖ ግን አባይን ተሻገረ። የእንግሊዝ መኮንኖች ጽሑፍ ጥፋቱን መንገዱን መዝጋት በነበረበት በበላይ ዘለቀ ላይ ይጥለዋል፦ ራስ ኃይሉ መልእክት ልከው አዘናጉት ይላል። እኛ ዘንድ ደብረ ወርቅና ቢቸና ላይ ይህን የሚቀበል ሰው አታገኙም፤ ክርክሩን ከከፈታችሁት ቡናው ሦስተኛው ድረስ ይዘልቃል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መልእክቱ ቢደርሰውም ባይደርሰውም፣ ለዓመታት ያንን መንገድ ሲያስጨንቅ የኖረን ሰው በአንድ ሳምንት መመዘን ሚዛን አይደለም። በላይ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፤ አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ የእነዚያው የራስ ኃይሉ ልጅ ነበር።

የማራቬንታኖ ሠራዊት በግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. አጊባር ላይ በቁጥር ለሚያንሰው ጦር እጅ ሰጠ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ፣ ጥቂት የሱዳን ወታደሮች የጮቄን ተራራ በውርጭ አቋርጠው ሞጣ ያለውን ጦር እጅ አሰጥተዋል። የቆላ ልጆች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ብርድ አያውቁም። ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ በስተግራው ጮቄን ያያል፤ ሾፌሮቻችን ግን ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ደብረ ማርቆስ ብቻ ነው።