ቅቤንና ዘይትን በዳቦ ጋገራ ስለ መተካካት

የስንዴ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ቅቤና ዘይት ሁለቱም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን አንዱ በሌላው ፈንታ ሲገባ ስፍሩ እኩል እየመሰላቸው ዱቄቱንም ቅባቱንም የሚያበላሹ ብዙዎች ናቸው። ይህም የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ ለሆስፒታል፣ ለአዳሪ ትምህርት ቤትና ለእስረኞች ዳቦ የሚያስጋግር ሹም በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ አለበትና። ደግሞም በጾም ቀን ሳያውቅ ቅቤ የበላ ጾመኛ አቤቱታው የሚመጣው ወደ ወጥ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሹሙ ደጅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ለጋ ቅቤ ሁለንተናው ስብ አለመሆኑ ነው። በፋብሪካ የሚወጣው ቅቤ ከ100 እጅ 80 ያህሉ ስብ፣ 16 ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ የቀረው ከወተቱ የተረፈ ጥቂት ነገር ነው። በየቤቱ የሚናጠው ግን እንደ ናጪዪቱ እጅ ይለያያል፤ አሬራው በሚገባ ታጥቦና ተጨምቆ ካልወጣ ውሃው ከዚህም ይበዛል። ዘይት ግን ሁሉም ስብ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ዱቄት 100 ግራም ለጋ ቅቤ ይጨመር የነበረ እንደ ሆነ፣ በፈንታው 80 ግራም ዘይት ይበቃል፤ ሊጡም እንዳይደርቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይታከልበታል። 100 ግራም ዘይት የሚጠይቀው ዳቦ በለጋ ቅቤ ሲሠራ ደግሞ 125 ግራም ቅቤ ይገባበታል፤ ከሚቦካበትም ውሃ 20 ግራም ይቀነሳል። ንጥር ቅቤ ውሃው በእሳት ስላለቀ ከዘይት ጋር በሚዛን እኩል ይተካካል። በሚዛን መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የረጋ ቅቤ በስኒ ሲሰፈር በመካከሉ ባዶ ስፍራ ስለሚተው ሰፋሪውን ያታልላል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ግን ለጣፋጭ ኬክ አይስማማም።

ይኸው ሒሳብ ለግዢም ይረዳል። ከነጋዴ ቅቤ የሚረከብ ሹም አንድ ኪሎ አስመዝኖ፣ ያለ ቅመም በለስላሳ እሳት አስነጥሮ፣ ዝቃጩን አስጠልሎ የጠራውን ያስመዝን። ወደ 800 ግራም የቀረበ እንደ ሆነ ቅቤው ደኅና ነው፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ግን መንግሥት ውሃን በቅቤ ዋጋ ገዝቷል ማለት ነው። ይህ ፈተና ውሃን እንጂ የተደባለቀ የፓልም ዘይትን አይገልጥም፤ ፓልም በደጋ ብርድ እንደ ቅቤ ስለሚረጋ እርሱን ለመለየት የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ የሚጋገረው ነገር ዐይነት ይታያል። በእርሾ በሚቦካ ዳቦ ቅባቱ ጥቂት ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ አያስቸግርም፤ እንዲያውም እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር በዘይት የተጋገረው በማግሥቱ ለስላሳ ሆኖ ሲገኝ፣ በቅቤ የተጋገረው ቅቤው በብርዱ ስለሚረጋ ይጠነክራል። የኬክ ነገር ግን ሌላ ነው። ቅቤ ከስኳር ጋር ሲመታ አየር ይይዛል፤ ያም አየር በምድጃው ሙቀት ሰፍቶ ኬኩን ያነሣዋል። ዘይት ፈሳሽ ስለሆነ ይህን አየር ሊይዝ አይችልም። በፍስክ ቀን ዕንቁላሉን ከስኳሩ ጋር አብዝቶ በመምታት ጉድለቱ ይሞላል፤ በጾም ቀን ግን ዕንቁላልም ስለማይገባበት ሥራው ሁሉ በቤኪንግ ፓውደር ላይ ይወድቃል፣ ሊጡም እንደ ተበጠበጠ ሳይዘገይ ወደ ምድጃው መግባት አለበት። ጾመኛና የማይጾም ሰው በአንድ ማዕድ በሚበሉበት አዳሪ ትምህርት ቤት የሁሉም ዳቦ በዘይት ቢሠራ ይሻላል።

ምጣድ ለማሰስ ለጋ ቅቤ ጨርሶ አይበጅም፤ ከወተቱ የተረፈው ነገር ከስቡ አስቀድሞ ያርርና እንጀራውን ያጠቁረዋል። ባለሙያ ሴቶች የተወቀጠ የጎመንዘር ፍሬ ለማሰሻ መምረጣቸው ጥበብ ያለበት ልማድ ነው።

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሌሎችም አጽዋማት ሲታከሉበት ቅቤ የማይቀመስበት ጊዜ ከዓመቱ ትልቅ ክፍል ይይዛል። ስለዚህ ዘይቱ ከወዴት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ የሹም ፈንታ ነው። ኑግ ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት ከብዙ አዝርዕት ይልቅ ይታገሣል፤ አበባው ግን ንብ ካላገኘ ፍሬው ይሳሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚታጨድ ዘይቱ ለሁዳዴ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። ፍሬው ከ100 እጅ 40 ያህል ዘይት ይዞ ሳለ በቤት ሲጨመቅ ብዙው በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ ፋጉሎውም ለላሞች መልካም መኖ ስለሆነ፣ የኑግ ማሳ ለዘይቱም ለቅቤውም ይጠቅማል።

የኑግ ዘይት ግን ዕድሜው አጭር ነው። በሚገባ የተነጠረ ቅቤ ብዙ ወራት ሲቆይ፣ ዘይቱን ብርሃንና አየር ቶሎ ያከረፉታል። ስለዚህ የዓመቱ ዘይት በአንድ ጊዜ አይጨመቅ፤ ኑጉ በፍሬው በደረቅ ጎተራ ይቀመጥና ለየወሩ የሚበቃው ብቻ ይውጣ፤ የተጨመቀውም እስከ አፉ በሞላና ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ ሆኖ በጨለማ ጓዳ ይቀመጥ።