ያለ ፕሌይስቴሽን የሚሠራ ጆይስቲክ

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን 4 በዓለም ዙሪያ ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እያንዳንዱ ሲሸጥ ቢያንስ አንድ ጆይስቲክ አብሮት ወጥቷል። ማሽኑ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎ፣ ዲስክ አላነብ ብሎ ወይም በአዲስ ተተክቶ ከአገልግሎት ሲወጣ ጆይስቲኩ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ ለሕፃን መጫወቻ ይሰጣል፣ አለበለዚያም በርካሽ ይሸጣል። በዚያው ቤት ያለ ወጣት ደግሞ የስልኩን መስታወት በሁለት አውራ ጣቱ እየፈተገ ኳስ ይጫወታል፤ ሊያሻግር ሲል ጣቱ ራሱ ተጫዋቹን ይጋርድበታል። ጆይስቲኩና ስልኩ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ መገናኘት እንደሚችሉ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ሞክረው ያልተሳካላቸውም አሉ። “ተበላሽቷል” ብለው ይተዉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ጆይስቲክ ስልክ ላይ እንዲሠራ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ የሁለቱ ሬዲዮ መገናኘት፣ የስልኩ ሶፍትዌር ቁልፎቹን መለየት፣ ጨዋታው ራሱ ጆይስቲክ መቀበል። እንቅፋቱ ከሦስቱ የቱ ጋ እንዳለ የለየ ሰው ያለ ጥፋቱ ደኅና ዕቃ አይጥልም፣ ሌላ ለመግዛትም አይቸኩልም።

ሬዲዮው ብሉቱዝ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ሲጀመር የታሰበው ስልክንና በዙሪያው ያሉ ዕቃዎችን ከገመድ ለመገላገል ነበር። የሚሠራው ከ2402 እስከ 2480 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ሲሆን በዚሁ ሰፈር ዋይፋይም ማይክሮዌቭ ምድጃም ይገኛሉ። በዚህ ግርግር መሀል መልእክቱ እንዳይጠፋ ነባሩ ብሉቱዝ ሞገዱን 79 ቦታ ከፍሎ በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ በከፈተበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጆይስቲክ ሳይደናበር የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

አሁን ጆይስቲኩን በእጅ ይያዙት። የፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ከግራ አውራ ጣት በላይ “ሼር” የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ፤ በሁለቱ ዱላዎች መሀል ደግሞ የፕሌይስቴሽን ምልክት ያለበት ክብ ቁልፍ። ሁለቱን አንድ ላይ ተጭነው ይቆዩ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የፊቱ መብራት ቶሎ ቶሎ፣ ሁለት ሁለቴ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ይህ ብልጭታ ወሳኝ ነው። የፕሌይስቴሽኑን ቁልፍ ብቻውን የተጫነ ሰውም መብራት ያያል፤ ያ ግን ጆይስቲኩ የቀድሞ ማሽኑን ሲፈልግ የሚያሳየው ዝግ ያለ ብልጭታ ነው፣ ስልኩ ደግሞ በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አያገኘውም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ፈጣኑ ብልጭታ ከመጣ የስልኩ ብሉቱዝ ውስጥ ገብቶ አዲስ ዕቃ መፈለግ ነው፤ አንድሮይድ ላይ “ዋየርለስ ኮንትሮለር” የሚል ስም ብቅ ይላል። ሲነኩትና ሲፈቅዱ ብልጭታው ይቆማል። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክም አካሄዱ ያው ነው፤ በ“ሼር” ቦታ ያለው ቁልፍ ስሙ “ክሪኤት” ሆነ እንጂ።

ብልጭታው አልመጣ ካለ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይገባል። እዚያ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር አለች። በወረቀት መያዣ ሽቦ ጫፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ወደ ውስጥ መጫን ጆይስቲኩ የቀድሞ ትዝታውን ሁሉ እንዲረሳ ያደርገዋል። ጠጋኝ ዘንድ ከመሄድ በፊት ይቺን መሞከር ምንም አያስከፍልም።

የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ሲሆን ነገሩ ከዓይን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ ገመድ አልባ ቢሆንም ብሉቱዝ የለውም፤ የሚነጋገረው በማይክሮሶፍት የራሱ ሬዲዮ ነው። ብሉቱዝ የገባው በ2016 ከኤክስቦክስ ዋን ኤስ ጋር በመጣው ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው። የኤክስቦክስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከላይኛው የጣት ቁልፎች ጋር የተያያዘ፣ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አሮጌው ነው፤ ከፊት ገጹ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው። የኤክስቦክስ 360 ጆይስቲክም ብሉቱዝ የለውም። የፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ብሉቱዝ እያለውም በተለመደው መንገድ ስለማይጣመር ከስልክ ጋር የሚደረገው ትግል ትርፍ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የስልኩ ሶፍትዌር ነው። አይፎን ለብዙ ጊዜ በሩን ጠበብ አድርጎ ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ የሚቀበለው አፕል ፈቃድ የሰጣቸውን፣ ዋጋቸውም ወደድ የሚለውን ጆይስቲኮች ብቻ ነበር። የተከፈተው በመስከረም 2019 በአይኦኤስ 13 ነው፤ ያን ጊዜ የፕሌይስቴሽን 4 እና ብሉቱዝ ያለው የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ተፈቀዱ። የፕሌይስቴሽን 5 በ2021 በአይኦኤስ 14.5 ተከተለ። በአንድሮይድ በኩል ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ አንድሮይድ 10፣ ለፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ አንድሮይድ 12 እንዲኖር ይጠይቃል። ከዚያ በታች ያለ ስልክ ሊገናኝ ይችላል፤ ነገር ግን ኤክስ ሲጫኑ ካሬ፣ ካሬ ሲጫኑ ሌላ ሊሠራ ይችላል።

ቁልፍ መዛባት ከስልኩ ብቻ ሳይሆን ከጆይስቲኩም ይመጣል። ለስልክ ተብለው የተሠሩ ብዙ ጆይስቲኮች ራሳቸውን እንደ ሁኔታው ይቀያይራሉ፤ አንዴ እንደ አንድሮይድ፣ አንዴ እንደ ኮምፒውተር፣ አንዴ እንደ ኔንቴንዶ ስዊች ዕቃ ይቀርባሉ። ለምሳሌ ኤይትቢትዱ የሚባለው ኩባንያ በሚሠራው ኤስኤን30 ፕሮ ላይ “ስታርት”ንና “ቢ”ን አብሮ መጫን ለአንድሮይድ፣ “ስታርት”ንና “ዋይ”ን ደግሞ ለስዊች ነው። የኋለኛውን የተጫነ ሰው ስልኩ “ተገናኝቷል” ቢለውም ቁልፎቹ ሊምታቱበት ይችላሉ። ከካርቶኑ ውስጥ የምትወጣው ትንሽ ወረቀት መጣል የሌለባት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ጨዋታው፣ ከሁሉም የሚያናድደው ነው። ሬዲዮው ተገናኝቶ፣ ስልኩ ቁልፎቹን አውቆ፣ ጨዋታው ግን ዝም ሊል ይችላል። ጆይስቲክ እንዲቀበል የሚያደርገው የጨዋታው ሠሪ እንጂ ስልኩ አይደለም። ማይንክራፍት ይቀበላል። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል በጥቅምት 2019 ወጥቶ በቀጣዩ ወር ጆይስቲክ ፈቀደ፤ ሆኖም ፍትሐዊ እንዲሆን ባለ ጆይስቲኩን ከመሰሎቹ ጋር ያጋጥመዋል፣ ማውጫውም ላይ አሁንም በጣት መንካት ይፈልጋል። ማውጫው ላይ ሞክሮ “አልሠራም” ያለ ሰው ውጊያው እስኪጀመር ቢታገሥ ኖሮ ይሠራለት ነበር።

ፒኤስፒ የተባለውን የሶኒ የእጅ መጫወቻ የድሮ ጨዋታዎች ስልክ ላይ የሚያስኬደው ፒፒኤስኤስፒፒ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የተመቸ ነው። ስዊድናዊው ሄንሪክ ሪድጎርድ በ2012 ያወጣው ይህ ነጻ ፕሮግራም በ2024 ወደ አይፎን መደብርም ገብቷል። የመቆጣጠሪያ ቅንብሩ ውስጥ እያንዳንዱን የፒኤስፒ ቁልፍ መርጦ ጆይስቲኩ ላይ የሚፈልጉትን መጫን ብቻ ነው፤ የተዛባ ጆይስቲክ እንኳ እዚህ ይስተካከላል።

ጆይስቲክ ለማይቀበሉ ጨዋታዎች መስታወት የተነካ የሚያስመስሉ መተግበሪያዎች አሉ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ችግር የላቸውም። ኢንተርኔት ላይ ከሌሎች ጋር ለሚጫወት ግን አደጋ አላቸው፤ በርካታ የተኩስ ጨዋታዎች ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጥረው አካውንት ይዘጋሉ። ለዓመታት የተለፋበትን አካውንት ለዚህ ማጋለጥ አያዋጣም።

ሁሉም ተሟልቶ ምላሹ ዘግየት ሲል ጆይስቲኩን ከመውቀስ በፊት ጆሮ ላይ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጨዋታ አንዱን ምስል የሚያቆየው 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ስለሚችል ጎሉ ከገባ በኋላ የኳሱ ድምፅ ይመጣል፤ ተጫዋቹም እጁ የዘገየ ይመስለዋል። ባለ ገመድ ማዳመጫ ይህን ያስወግዳል። ዋይፋዩንም ከተቻለ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዞር ለጆይስቲኩ ሰፈሩን ያሰፋለታል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ከራሱ ስልክ ጋር ያገናኘው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ምንም ጨዋታ መፈተሽ ይቻላል፤ የአቅጣጫ ቁልፎቹን ሲጫኑ በመተግበሪያዎቹ ላይ ምልክት እየዘለለ ይሄዳል። ከዚያ እጅን ከሁለቱም ዱላዎች ላይ ማንሳት ነው። ማንም ሳይነካው ምልክቱ በራሱ የሚሄድ ከሆነ የዱላው ውስጥ ተበልቷል፣ ሜዳ ላይም ተጫዋቹ ሳይታዘዝ ይሮጣል። ከትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ጋር የሚሸጡ ርካሽ ጆይስቲኮችም አሉ፤ “ገመድ አልባ” የሚለውን ብቻ አይቶ መግዛት አያስተማምንም። ብሉቱዝ ከሌላቸው መቀበያዋን ስልኩ ላይ ለመሰካት ኦቲጂ የምትባለው ማገናኛ ታስፈልጋለች።

ፕሌይስቴሽኑ አሁንም ለሚሠራበት ቤት አንድ ነገር ይቀራል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በአንድ ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ባለቤት ብቻ ነው። ታናሽ ወንድም ማታ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ ከተጫወተበት፣ ታላቁ ጠዋት የፕሌይስቴሽኑን ቁልፍ ቢጫን ማሽኑ አይነሣም። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ ከማሽኑ ጋር ሰክቶ ቁልፉን አንድ ጊዜ መጫን ይመልሰዋል። ገመዱ ግን ዳታ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ በሚያደርግ ገመድ ባትሪው ይሞላል እንጂ ማሽኑ ጆይስቲኩን አያውቀውም።